ላይቭ ስትገቡ ጆሮ ይዛችሁ ግቡ

ማታ ከእራት በኋላ ቲክቶክ ከፍቶ ላይቩን የሚያገላብጥ ሰው ብዙ ነገር ያያል። ሁለት ሰዎች ለነጥብ ሲሰዳደቡ፣ አንዱ ‹‹ስክሪኑን ንኩ፣ ንኩ›› እያለ ሲለማመጥ፣ ሌላዋ የማታውቃቸውን ሰዎች ትዳር ስትተነትን ያገኛል። ሕፃን በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ለምን እንደሚከተብ የምታስረዳ ነርስ፣ በበቆሎ ላይ የወረደውን መጤ ተምች ከሌላው ትል እንዴት እንደሚለዩት የሚያሳይ የግብርና ባለሙያ፣ የመኪና ሞተር ፈትቶ የሚያስተምር መካኒክ ግን ብዙ ተፈልጎ ነው የሚገኘው። እኔ አዳማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ማታ ደግሞ ላይቭ እገባለሁ። ላይቭ የጭቅጭቅ ሜዳ የሆነው የሚያውቁ ሰዎች ስለራቁት ነው ብዬ አምናለሁ። ይግቡበት። ሲገቡም ከካሜራው በፊት ጆሮአቸውን ያዘጋጁ።

የማይሰማ ስክሪን ምን እንደሚያደርግ እኛ መምህራን በክፍላችን አይተነዋል። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ የተማረም ያስተማረም ሁሉ ያስታውሰዋል። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለመላው አገር በአንድ ጊዜ ይተላለፋል። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ የሚወስደው እሱ ነው፤ ለክፍሉ መምህር መግቢያና መዝጊያው ላይ ጥቂት ይተርፈዋል። የስክሪኑ መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፣ ማንም ሳይመልስለት መልሱን ተናግሮ ያልፋል። ከኋላ ወንበር የተነሣችው እጅ አትታየውም። መብራት የሄደ ዕለት የዚያን ቀን ትምህርት አብሮ ይሄዳል። ሥዕሎቹ ያማሩ ነበሩ፤ እኛ በጠመኔ የማንችላቸውን ግራፎች በቀለም ያሳዩ ነበር። ነገር ግን ልጁ ‹‹አልገባኝም›› ሲል የሚሰማው አልነበረም።

ዛሬ በኪሳችን ያለው ስልክ ይህን ጎደሎ መሙላት ይችላል። መምህሩ ይናገራል፣ ተማሪው ይጽፋል፣ መምህሩ ያነባል፣ ይመልሳል። በዚያ ዘመን መንግሥት በብዙ ወጪ ሊያደርገው ያልቻለውን ነገር አሁን አንድ መምህር ከሳሎኑ ሆኖ ሊያደርገው ይችላል። ይህን የሚያህል ዕድል ተሰጥቶን ላይቭ ገብተን እንደ ፕላዝማው ብቻችንን የምናወራ ከሆነ፣ ጥፋቱ የቴክኖሎጂው አይደለም።

ነገሩ የሚያንገበግበኝ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በየዓመቱ በወጣ ቁጥር ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም 8.4 በመቶ ነበሩ። መሻሻል አለ። ሆኖም ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ግማሹን ሳያገኙ ይመለሳሉ። ከእነዚህ ልጆች ጋር ተቀምጦ የሠራ ሰው ችግሩ ብዙ ጊዜ የ12ኛ ክፍል ትምህርት እንዳልሆነ ያውቃል። ከ5ኛና ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ ያልተደፈነ ቀዳዳ ይዘው ነው የመጡት። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ፣ ያውም በዚህ ዕድሜ፣ ‹‹ክፍልፋይ አልገባኝም›› ብሎ እጅ ማውጣት ለልጁ ውርደት ነው። ላይቭ ላይ ግን ማንም ፊቱን ስለማያየው ይጠይቃል።

አንድ ማታ ስለ ደሪቬቲቭ እየሠራን ሳለ ከሪያድ አንዲት ልጅ ጻፈች። 8ኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋርጣ የሄደች፣ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ናት፤ አሠሪዎቿ ሲተኙ ነው ስልኳን የምትከፍተው። ‹‹ቲቸር፣ ክፍልፋይ ለክፍልፋይ ሲካፈል ሁለተኛው ለምንድነው የሚገለበጠው?›› አለች። ጥያቄዋን ጮክ ብዬ ሳነበው ኮሜንቱ ፀጥ አለ፤ ከዚያ የ12ኛ ክፍሎቹ ‹‹እኔም አላውቀውም››፣ ‹‹ዝም ብለን ነው የምንገለብጠው›› እያሉ ተከታተሉ። የያዝነውን አቆየነውና ወደ እሷ ጥያቄ ገባን። ‹‹አንድ እንጀራ ስንት ሩብ ይወጣዋል?›› አልኳቸው። አራት። ‹‹ሁለት እንጀራስ?›› ስምንት። ‹‹ግማሽ እንጀራስ?›› ሁለት። ለሩብ ማካፈል በአራት ማባዛት ማለት መሆኑን ራሳቸው ደረሱበት። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚዘጋጁ ልጆች ለዓመታት የተሸከሙት ጥያቄ የተፈታው፣ ትምህርት ካቋረጠች ብዙ ጊዜ የሆናት ልጅ ስለጠየቀችላቸው ነው። እኔ ብቻዬን ሳወራ ባመሽ ያ ሰዓት አይገኝም ነበር።

ስለዚህ ለመጀመር ለምትፈልጉ ባለሙያዎች የማውቀውን እንካችሁ ልበል።

ርእሳችሁን አጥብቡ። ‹‹ሒሳብ እናስተምራለን›› የሚል ላይቭ ማንንም አይጠራም። ‹‹ዛሬ የሎጋሪዝም ሦስት ጥያቄዎችን እንሠራለን›› የሚለው ግን ሎጋሪዝም ያስቸገረውን ልጅ ስሙን እንደተጠራ ሰው ያስቆመዋል። ነርሷም ስለ ጤና በጠቅላላው ከምታወራ፣ ‹‹ልጄ ትኩሳት ይዞታል፤ መቼ ነው ጤና ጣቢያ የምወስደው?›› የሚለውን ጥያቄ ብቻ ይዛ ትግባ።

ሰዓታችሁን ቁረጡ፤ ቆርጣችሁም አትለዋውጡት። እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ላይ ነኝ። ያ ሰዓት እራት ተበልቶ፣ ዕቃ ታጥቦ፣ ሴት ልጆችም ከቤት ሥራ የሚያርፉበት ጊዜ ነው። ሰዓት ስትመርጡ ማን መቼ ነፃ እንደሚሆን አስቡ፤ ለእኛ የሚመቸን ሰዓት ለሚሰማን ሰው ላይመቸው ይችላል። የሪያድ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ዋሽንግተን ያለ ሰው ግን በዚያን ጊዜ ገና ከምሳ መነሣቱ ነው።

መድረኩን አስቀድማችሁ ክፈቱ። ቲክቶክ ላይቭ ለመክፈት 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል፤ በብዙ አገርም የተወሰነ ተከታይ ሳይኖራችሁ አይፈቅድም። ዩቲዩብ በስልክ ላይቭ ለመግባት 50 ሰብስክራይበር ይፈልጋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትከፍቱትም እስከ 24 ሰዓት ሊያስጠብቃችሁ ይችላል። የቴሌግራም ቻናል ያለው ሰው ደግሞ ከዚያው ከቻናሉ ላይቭ መጀመር ይችላል። አብዛኞቹ ተማሪዎቻችን ቴሌግራም ላይ ስላሉ ለመምህር ከሁሉ የሚቀርበው በር ይህ ነው።

ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ። ከሥዕሉ ይልቅ ድምፁ ይቅደም፤ ደብዘዝ ያለ ምስል ሰው ይታገሣል፣ የሚቆራረጥ ድምፅ ግን ወዲያው ያስወጣዋል። ማይክ ያለው ተራ የጆሮ ማዳመጫ ይበቃል። ፊታችሁን ማሳየትም ግዴታ አይደለም። እኔ ስልኩን በመጻሕፍት ቁልል መካከል አጋድሜ ካሜራውን ወደ ወረቀቴ አዞረዋለሁ፤ የሚታየው እጄና ወፍራም ማርከሬ ነው። ለጽሑፍ የኋላውን ካሜራ ተጠቀሙ፤ የፊቱ ካሜራ ጽሑፉን እንደ መስታወት ሊገለብጠው ስለሚችል 6 እና 9 ለሚያምታታው ልጅ ሌላ ፈተና ይሆንበታል። ኮሜንቱን የምታነቡበት ሁለተኛ ስልክ ከቤተሰብ ተዋሱ። ጥሪ ላይቩን እንዳያቋርጠው ስልኩ ጥሪ እንዳይቀበል አድርጉ። ባትሪው ሞልቶ ይጀመር፤ መብራት ከሄደ ዋይፋዩም ስለሚሄድ በስልኩ ላይ ጥቂት ዳታ ይኑር።

ከዚህ በላይ ልምምድ የሚጠይቀው ዝምታ ነው። እናንተ በተናገራችሁትና ተመልካቹ በሚሰማው መካከል የጥቂት ሰከንዶች ልዩነት አለ፤ ከዚያ ላይ እሱ አስቦ የሚጽፍበት ጊዜ ይጨመራል። ጥያቄ ጠይቃችሁ ወዲያው መልሱን ከተናገራችሁ ፕላዝማ ሆናችሁ ማለት ነው። ጠይቁ፣ ጠብቁ፣ እስኪጽፉ ድረስ ጥያቄውን ቀስ ብላችሁ ድገሙት። በየጊዜው አዲስ ሰው ስለሚገባም ‹‹አሁን የያዝነው ይህን ነው›› እያላችሁ አስገቡት፤ በመሃል የገባ ልጅ የት እንዳለ ካላወቀ ይወጣል።

ኮሜንት አቀባበልን ከአዝማሪ እንማር። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ‹‹ተቀበል›› ሲል አዝማሪው የተሰጠውን ግጥም መጀመሪያ እንዳለ በዜማ ይደግመዋል፤ የራሱን የሚጨምረው ከዚያ በኋላ ነው። ቤቱ ሁሉ ግጥሙን ይሰማል፤ ሰጪውም መሰማቱን ያውቃል። እናንተም የሰውየውን ስም ጠርታችሁ ጥያቄውን እንዳለ አንብቡት፤ ከዚያ መልሱ። ‹‹ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ነው የሚጠይቀው›› ብላችሁ አትለፉት፤ ለጠየቀው ልጅ ጥያቄው የራሱ ነው። የማታውቁትንም ‹‹አይቼ ሐሙስ እመልሳለሁ›› በሉ፤ ሐሙስም የመጀመሪያ ሥራችሁ ያ ይሁን። ተከታይ የሚባለው ሰው የሚገኘው በዚህ ነው፤ ያለፈው ሳምንት ጥያቄው የተመለሰለት ሰው ለሚቀጥለው ሳምንት ወንድሙን ይዞ ይመጣል።

አነጋገራችንም ለአንድ ሰው ይሁን። ወጋየሁ ንጋቱ ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር››ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ አገር ሁሉ ይሰማው ነበር፤ እያንዳንዱ አድማጭ ግን ለእሱ ብቻ የሚነገር ይመስለው ነበር። ‹‹ውድ ተመልካቾቻችን›› ከሚለው ይልቅ ‹‹አንተ ገና የገባኸው፣ ወረቀትህን አውጣ›› የሚለው ልጁን ከተቀመጠበት ያነሣዋል።

ብዙዎችን ከመጀመሪያው ሳምንት የሚመልሳቸው ከላይ ጥግ ላይ የሚታየው የተመልካች ቁጥር ነው። አምስት ሰው ሲያዩ ያፍራሉ፣ ይዘጋሉ። እባካችሁ አትዝጉ። መምህር በሥራ ዘመኑ ሁሉ የሚመኘው አምስት ልጆችን ለብቻ ማስጠናት ነው፤ ያ ምኞት ሲሞላ ለምን ያሳፍራል? ሳልማን ካን እ.ኤ.አ. በ2004 ዘመዱ የሆነችን ናዲያ የምትባል አንዲት ልጅ ከሩቅ ከተማ ሆኖ ሒሳብ ማስጠናት ጀመረ፤ ያስቸገራት የመለኪያ አሃዶችን መቀየር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ትምህርቱን ዩቲዩብ ላይ መጫን ጀመረ፤ ዛሬ ካን አካዳሚ በዓለም ሁሉ ይታወቃል። የመጀመሪያው ተማሪ አንድ ሰው ነበር። ለዚያ ለአንድ ሰው በደንብ ማስረዳት ባይችል ኖሮ ለሚሊዮኖቹም ባልቻለ ነበር።

ገንዘቡስ? ተመልካቹ ገዝቶ የሚልከውን ጊፍት መቀበል ኃጢአት አይደለም፤ የላይቭ ሰውም ዳታ ይገዛል፣ ልጆች ያሳድጋል። ቲክቶክ ላይ አንዲት ጽጌረዳ በአንድ ኮይን ትገዛለች፤ ‹‹አንበሳ ላከልኝ›› እየተባለ የሚለመነው አንበሳ ግን ወደ 30 ሺህ ኮይን ያወጣል። ከዚህ ውስጥ ለተቀባዩ የሚደርሰው ስንት እንደሆነ ሰው ይወቅ። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2022 በሶሪያ የተፈናቃዮች ካምፕ ውስጥ ላይቭ እየገቡ የሚለምኑ ቤተሰቦችን ጉዳይ ሲመረምር 106 ዶላር የሚያወጣ ስጦታ ለሙከራ ላከ፤ በተቀባዩ ሒሳብ የታየው 33 ዶላር ነበር። ስለዚህ በጊፍት የምትደግፉት ሰው ካለ፣ ከፍላችሁ ከምታስቡት እጅግ ያነሰ እንደሚደርሰው አስቡ። ለባለሙያዎች ደግሞ የምለምናችሁ ጊፍት የላከውን ሰው ጥያቄ ካልላከው አታስቀድሙ። የዳታ ገንዘብ አጠራቅማ የገባች ልጅ፣ ተራዋን በጽጌረዳ የቀማት ሰው ካየች ተመልሳ አትመጣም። ባትል የሚባለውን ፉክክርም ለዕውቀት ላይቭ አልመክርም፤ ነጥብ የሚቆጠርበት ደቂቃ ሲጀምር መስማት ያቆማል።

የሴት መምህራንን ስጋት አውቀዋለሁ። ‹‹መምህርት ቲክቶክ ላይ ምን ትሠራለች?›› የሚል ጎረቤት አለ፤ ስለ ትምህርቱ ትቶ ስለ መልካችን የሚጽፍም አለ። መፍትሔው መቅረት አይደለም። የምታምኑትን የቀድሞ ተማሪ ወይም የሥራ ባልደረባ ሞደሬተር አድርጋችሁ ሹሙ፤ እናንተ ስታስተምሩ እሱ የሚሳደበውን ያስወጣል። የማትፈልጉትን ቃል በቅንብሩ ውስጥ አስገብታችሁ እንዳይታይ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ስድቡን በፊደላችንም፣ በእንግሊዝኛ ፊደል በሚጻፍበት በየዓይነቱም አስገቡት። ተማሪዎች የስልክ ቁጥራቸውንና የትምህርት ቤታቸውን ስም እንዳይጽፉ በየጊዜው አስታውሱ፤ ከልጆች ጋር በኢንቦክስ ለብቻ መነጋገርንም አትልመዱ። የሚጠየቅ ሁሉ በአደባባይ ይጠየቅ። ሕጉንም እወቁ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ የተሰራጨበት የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ካለው ቅጣቱን ያከብደዋል። ሕጉ ራሱ ተከታይ ሲበዛ ኃላፊነት እንደሚበዛ ይነግረናል።

‹‹ኔትወርክ የሌለው የገጠር ልጅስ?›› የሚል ጥያቄ ዘወትር ይነሣል፤ ተገቢም ነው። ላይቭ ትምህርት ቤትን አይተካም፤ መምህር በሌለበት ቀበሌ መምህር አይሆንም። ነገር ግን ላይቩ ሲያልቅ የሚቀር ነገር አለ። ዩቲዩብ ከ12 ሰዓት ያልበለጠን ላይቭ ራሱ ያስቀምጠዋል። አንድ ልጅ ከተማ ሲወጣ አውርዶት፣ ከዚያ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ፣ ወይም በፍላሽ ወደ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ያደርሰዋል። ድምፁ ብቻ ተቆርጦ በቴሌግራም ከተላከ ደግሞ ኤምቢው ትንሽ ነው። በዚያ ቅጂ ውስጥ የሌሎች ልጆች ጥያቄ ከነመልሱ አለ፤ ኔትወርክ የሌለው ልጅ ሊጠይቅ የፈለገውን ሌላው ጠይቆለት ያገኘዋል።

ስለዚህ የምጠይቀው በግልጽ ይህ ነው። ትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ትምህርት ቢሮዎች መምህር በላይቭ የሚያስተምርበትን ሰዓት በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) እንዲቆጥሩለት እጠይቃለሁ። ለሥልጠና ወረቀት ሰዓት ከተቆጠረ፣ ለልጅ ጥያቄ የዋለ ማታ ሊቆጠር ይገባል። ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ለትምህርት የሚሆን ርካሽ የዳታ ጥቅል ለተማሪዎች ያዘጋጁ፤ በቅናሽ ያለው ኢንተርኔት ልጆች መተኛት ባለባቸው ሌሊት ብቻ መሆን የለበትም። ርእሳነ መምህራን በሳምንት አንድ ከሰዓት የትምህርት ቤቱን ክፍልና ዋይፋይ ላይቭ ለሚገቡ መምህራን ይፍቀዱ። በዋሽንግተን፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ያላችሁ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና የሒሳብ ባለሙያዎች፣ ቅዳሜ እናንተ ጋ ቀትር ሲሆን እኛ ጋ እንደ ወቅቱ ማታ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው፤ የአንድ ሰዓት ጊዜያችሁ ለአንድ ክፍል ልጆች ከማንኛውም አንበሳ ይበልጣል።

ለባልደረቦቼ መምህራን ደግሞ እንዲህ እላለሁ። ዛሬ ክፍል ገብታችሁ ስትወጡ አንድ ልጅ ያነሣውን፣ ደወል ስለተደወለ ሳትጨርሱ የተዋችሁትን ጥያቄ በወረቀት ጻፉት። ማታ የተማሪዎቻችሁን የቴሌግራም ቻናል ክፈቱና ያንን ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ለሃያ ደቂቃ ግቡ። አስረዱ፣ ‹‹ያልገባችሁ የቱ ላይ ነው?›› ብላችሁ ጠይቁ፣ የሚጻፈውንም አንብቡ። የሚቀጥለውን ሳምንት ርእስ እነሱ ይሰጧችኋል።